ጣሳው ውስጥ የገባው ሳንቲም፦ የቤቲ ስሚዝን መጽሐፍ ያነበባችሁ እስቲ ኑ

የማታ ገጽ (ክሩን የከፈተችው) · ሰኞ ማታ 2፡40

ሰላም ለቤቱ። ጓደኛዬ ከአሜሪካ ስትመጣ «ኤ ትሪ ግሮውስ ኢን ብሩክሊን» የሚለውን የቤቲ ስሚዝን ልብ ወለድ ይዛልኝ መጣች። አዲሱ ህትመት ነው፤ የቀለሙ ሽታ ገና አልለቀቀውም። መጽሐፉ መጀመሪያ የወጣው በፈረንጆቹ 1943 ነው። ይኸው ሰማንያ ዓመት አልፎትም ይታተማል። በእኛ አፍ «ብሩክሊን ላይ ዛፍ ይበቅላል» ብንለው ያስኬዳል።

ስለዚህ መጽሐፍ የጠየቅኩት ሰው ሁሉ «ተስፋ ይሰጣል» አለኝ። እኔ ጨርሼው ያየሁት ሂሳብ ነው። የሳንቲም ሂሳብ። ለዚህ ነው ክሩን የከፈትኩት።

ላላነበባችሁ ባጭሩ። ዘመኑ 1912፣ ሰፈሩ ብሩክሊን ውስጥ ዊልያምስበርግ። ፍራንሲ የ11 ዓመት ልጅ ናት። ወንድሟ ኒሊ በአንድ ዓመት ያንሳታል። አባታቸው ጆኒ ኖላን እየዘፈነ የሚያስተናግድ አስተናጋጅ ነው። ሥራ ሲገኝ ይሠራል። ተገኘም አልተገኘም ይጠጣል። እናታቸው ኬቲ የሦስት ሕንጻ ደረጃና ኮሪደር ታጥባለች፤ በዚያ ፈንታ ኪራይ አይከፍሉም።

ቅዳሜ ቅዳሜ ልጆቹ ጨርቅ፣ ወረቀት፣ ቁርጥራጭ ብረት ለቅመው ካርኒ ለሚባል ሰውዬ ይሸጣሉ። በቃ ቁራሌው በሉት። ልዩነቱ ካርኒ በየመንደሩ እየጮኸ አይዞርም፤ ልጆቹ ናቸው እየጎተቱ የሚወስዱለት። ታዲያ የሴት ልጅ ጉንጭ ቆንጥጦ አንድ ሳንቲም ይጨምራል። ፍራንሲ ዝም ብላ ትቆነጠጣለች። ሳንቲም ሳንቲም ነው።

ካገኙት ላይ ግማሹ ጣሳ ውስጥ ይገባል። ጣሳው ቁም ሳጥኑ ውስጥ፣ ጨለማው ጥግ፣ ወለሉ ላይ በምስማር ተቸንክሯል። ነገሩን የመከረችው አያትየዋ ሜሪ ሮምሊ ናት። ከኦስትሪያ የመጣች፣ ፊደል ያልቆጠረች ሴት። ፍራንሲ ስትወለድ ለኬቲ የነገረቻት ሁለት ነገር ነው። ማታ ማታ አንድ ገጽ መጽሐፍ ቅዱስ፣ አንድ ገጽ ሼክስፒር አንብቢላት። ሳንቲም እየጣልሽ ደግሞ ቁራሽ መሬት ግዢ።

ከዚህ በታች መጨረሻውን ስለማወራ ያላነበበ ይዝለለው።

ጆኒ ገና በሠላሳዎቹ ዕድሜው ይሞታል። ያን ጊዜ ጣሳው ይነቀላል። መሬቱም ይገዛል፤ የመቃብር መሬት! ያ ሁሉ ዓመት የተጠራቀመ ሳንቲም የገዛው አባትየው የሚተኛበትን ጉድጓድ ነው። እዚህ ጋ ስደርስ መጽሐፉን አጥፌ ውሃ ልጠጣ ተነሳሁ።

ጥያቄዬ ይኸውና። አንባቢ ሁሉ ጆኒን ይወዳል። ኬቲን «ደረቅ ናት» ይላል። ቤቱን ያቆመው ማነው?

ቶና · ሰኞ ማታ 3፡15

እኔ ጆኒን እወደዋለሁ። አልደብቅም።

የትምህርት ቤቱን ታሪክ ረሳሽው? የፍራንሲ ትምህርት ቤት ከአቅሙ በላይ የታጨቀ፣ አስተማሪዎቹ ድሃ ልጅ የሚጸየፉበት ነው። አንድ ቀን እየተንሸራሸረች ሌላ ሰፈር ትንሽዬ ቆንጆ ትምህርት ቤት ታያለች። ለአባቷ ትነግረዋለች። ጆኒ «አይሆንም» አላላትም። «አቅም የለንም» አላላትም። አብሯት ሄደ፣ በዚያ ሰፈር አንድ ቤት መረጡ፣ የቤቱን አድራሻ ያዙ። ከዚያ «ልጄ ዘመድ ቤት ልትኖር ነው» ብሎ በሚያምር ወግ ደብዳቤ ጻፈላት። ንጹህ ውሸት! ልጅቷ ግን ተዛወረች። በየቀኑ ያን ሁሉ መንገድ በእግሯ ትኳትናለች፤ ደስ እያላት።

ኬቲ ብትሆን ይህ አይታያትም ነበር። ኬቲ ዳቦ ነው የሚታያት። ሰው ደግሞ በዳቦ ብቻ አይኖርም።

በ1945 ኤሊያ ካዛን ፊልም ሲያደርገው ኦስካር የወሰደውም ጆኒን ሆኖ የተወነው ጀምስ ደን ነው።

የማታ ገጽ · ሰኞ ማታ 3፡22

አየህ! ደረጃ ያጠበችው ኬቲ፣ ኦስካር የወሰደው ጆኒ።

ለመሆኑ ያ ደብዳቤ ስንት አወጣበት? ወረቀትና ቀለም። እኔም እንደዚያ አይነት አባት መሆን አያቅተኝም። ደጉን ነገር ሁሉ የሚሠራው ገንዘብ በማይጠይቅበት ቦታ ነው። ገንዘብ ሲጠየቅ የት ነው ያለው?

የሰሜን ዋልታውን ጨዋታ አንብበሃል አይደል? ቤት ውስጥ የሚበላ ሲጠፋ ኬቲ ልጆቹን «እኛ የሰሜን ዋልታ አሳሾች ነን፣ በረዶ አግዶን እርዳታ እየጠበቅን ነው» ትላቸዋለች። እስኪያልፍ ይጫወታሉ። አንድ ቀን ፍራንሲ ትጠይቃታለች። አሳሾቹ የሚራቡት ለትልቅ ነገር ነው፣ መጨረሻ ላይ አንድ ነገር ያገኛሉ፤ የእኛ ረሃብ ምን ያመጣል? ኬቲ ፊቷ ድክም ይላል። የጨዋታውን ሽንቁር አገኘሽው ትላታለች።

እሷም ጨዋታ ፈጥራለች እኮ! ግን ልጅ ስትነቃባት አትዋሽም። እኔ ይህንን ከመቶ ዘፈን አስበልጠዋለሁ።

ድርቆሽ · ሰኞ ማታ 3፡50

እኔ ስለ ምግቡ ብቻ ላውራ፣ ፍቀዱልኝ 😄

ልጆቹ ከዳቦ ፋብሪካው የሚገዙት ያደረ ዳቦ ነው። ርካሽ ስለሆነ ይሰለፉለታል። ኬቲ ያንን ደረቅ ዳቦ ትፈጨዋለች፣ ታርሰዋለች፣ በሽንኩርት ታገላብጠዋለች፣ ትጠብሰዋለች። ሰኞ አንድ ነገር፣ ማክሰኞ ሌላ ነገር ይሆናል። ዳቦው ግን ያው ዳቦ ነው። ይህን ሳነብ «ይቺ ሴትዮ የእኛ ሰፈር ናት» አልኩ። ድርቆሽ ፍርፍር የማያውቅ ሰው ይህን ምዕራፍ እንደ ሐዘን ያነበዋል። እኔ አፌ ውሃ ሞላ።

ቡናው ደግሞ አለ። ኬቲ ጠዋት አንድ ትልቅ ጀበና (ጀበና አይደለም፣ ግን ገብቷችኋል) ታፈላለች። ውሃው ብዙ፣ ቡናው ትንሽ። ቀኑን ሙሉ እያሞቁ ይጠጡታል። ስለዚህ እየቆየ ይከብዳል። አስቡት፣ በረካው ከአቦሉ የሚወፍር ቡና! እያንዳንዱ ሰው በቀን ሦስት ስኒ ድርሻ አለው፣ ከነወተቱ። ፍራንሲ ግን ጣዕሙን አትወደውም። ስኒውን አቅፋ ሽታውንና ሙቀቱን ትወስድና ሲቀዘቅዝ ትደፋዋለች። አክስቶቿ «ይህ ብክነት ነው» ብለው ጮኹ። ኬቲ አልተቆጣቻትም። ድርሻዋ ነው፤ መድፋቱ ደስ ካላት ትድፋው። እንደኛ ያለ ሰውም አንዳንዴ የሚያባክነው ነገር ይኑረው እንጂ አለች።

ወይ ኬቲ! «ደረቅ» ያላት ማነው?

ጋሼ መዝገብ · ማክሰኞ ጠዋት 1፡30

እንደምን አደራችሁ ልጆች። ስለ ደራሲዋ የማውቀውን ልጨምር።

ቤቲ ስሚዝ በ1896 እዚያው ዊልያምስበርግ ተወለደች። የቤተሰቧ ዘር ጀርመን ነው፤ በመጽሐፉ ግን አባትየውን አየርላንዳዊ፣ የእናትየውን ወገን ኦስትሪያዊ አድርጋዋለች። ስለዚህ ግለ ታሪክ ነው ብላችሁ እንዳትቸኩሉ። ትምህርቷን ከስምንተኛ ክፍል አቋርጣ ሥራ ገባች። አግብታ ወልዳ ሚሺጋን ስትኖር፣ የሁለተኛ ደረጃ ማስረጃ ሳይኖራት ዩኒቨርሲቲ ገብታ ተማረች። መጽሐፉን የጻፈችው ከብሩክሊን ርቃ፣ ሰሜን ካሮላይና፣ ቻፕል ሂል ተቀምጣ ነው። ሰፈርን ደህና አድርጎ ለማየት አንዳንዴ መራቅ ያስፈልጋል። ይህ የእኔ አስተያየት ነው።

እኔን የሚገርመኝ ወታደሮቹ ናቸው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት አሜሪካኖች ለወታደር በነጻ የሚታደል የኪስ መጽሐፍ ያትሙ ነበር። ከ1943 እስከ 1947 ከ1,300 በላይ ርዕስ፣ ከ120 ሚሊዮን በላይ ቅጂ ታተመ። መጽሐፉ ወደ ጎን የረዘመ ነው፤ የደንብ ልብስ ኪስ ውስጥ እንዲገባ ታስቦ የተሠራ። ከእነዚያ ሁሉ መካከል በጣም ከተወደዱት አንዱ ይህ ስለ አንዲት ድሃ ልጅ የተጻፈ መጽሐፍ ነበር። ወታደሮቹ ከየግንባሩ ለቤቲ ስሚዝ ደብዳቤ ይጽፉላት ነበር። ጠመንጃ የያዘ ጎልማሳ ምሽግ ውስጥ ተኝቶ ስለ ጣሳና ስለ ዳቦ ያነባል። ሰው የሚናፍቀው ድህነቱን አይመስለኝም። ቤቱን ነው።

ቶና ልጄ፣ ስለ ጆኒ የተናገርከው እውነት አለው። ነገር ግን አንድ ነገር ተመልከት። ጆኒ ሲሞት ሐኪሙ በወረቀቱ ላይ መጠጡን ሊጽፍ ሲል «የሳንባ ምች ብቻ ብለህ ጻፍ» ብላ የተሟገተችው ማን ናት? ኬቲ ናት። ልጆቹ አባታቸውን ቀና ብለው እንዲያነሱት። አንተም ዛሬ የምትወደው ጆኒ በከፊል እሷ የጠበቀችልህ ጆኒ ነው።

ቶና · ማክሰኞ ጠዋት 2፡05

ጋሼ፣ ይኼኛውን አላሰብኩትም ነበር። ዝም ልበል።

(ዝም አልልም፣ ቆይቼ እመለሳለሁ።)

የሌሊት ሹፌር · ማክሰኞ ቀን 6፡20

እኔ ኒውዮርክ ነው የምነዳው። ዊልያምስበርግ በሳምንት ሁለት ሦስቴ ሰው አደርሳለሁ። መጽሐፉን ያነበብኩት ተሳፋሪ ስጠብቅ፣ መኪና ውስጥ ነው።

ስለ ዛፉ ላውራ፤ ማንም አላነሳውም። ስሙ የሰማይ ዛፍ ነው፤ ከቻይና የመጣ ነው። እዚህ አጥር ሥር፣ ሲሚንቶ ስንጥቅ ውስጥ፣ የተጣለ ጎማ መሐል ይበቅላል። ውሃ የሚያጠጣው የለም። ሽታው ደስ አይልም፣ ቅጠሉን ብትጨምቁት እጃችሁን ትታጠባላችሁ። ብትቆርጡት ከሥሩ አምስት ሆኖ ይወጣል። መጽሐፉ ውስጥም ይቆርጡታል፣ ያቃጥሉታል፣ እንደገና ያቆጠቁጣል። ዛሬ ወራሪ ዛፍ ተብሏል፤ ሰው ግቢው ውስጥ ካየው ይነቅለዋል። ሰው ግን መጽሐፉን ይዞ ፎቶ ይነሳል 🙂

ሰፈሩ ደግሞ ያ ሰፈር አይደለም። ካርኒ የነበረበት አካባቢ የአንድ ወር ኪራይ እኔ አልችለውም። ኬቲ ዛሬ ብትኖር የምታጥበው እዚያ፣ የምትተኛው ግን ከከተማው ዳር ነው። ሊዮናርድ የሚባለው የሰፈሩ ቤተ መጻሕፍት ግን አሁንም አለ። አንድ ቀን በሩ ላይ አቁሜ አየሁት። ፍራንሲ በየቀኑ አንድ መጽሐፍ እየተዋሰች በፊደል ተራ ልትጨርሰው የተነሳችው ነገር ትዝ አለኝ። ቤተ መጻሕፍት ጠባቂዋ ደግሞ ያን ሁሉ ዓመት አንዴ እንኳ ቀና ብላ ፊቷን አላየችም። እኔም ተሳፋሪዬ ፊቴን ሳያይ ወርዶ ይሄዳል። በቃ ይሄው ነው፣ ጥሪ መጣልኝ።

ግማሽ ላይ ያቆምኩ · ማክሰኞ ማታ 1፡00

የሁላችሁንም አነበብኩ። እኔ ሁለት ቅሬታ አለኝ፤ አትቆጡኝ።

አንደኛ፣ ስለ አይሁድ ጎረቤቶች የተጻፈው ነገር ጎርበጥ ይላል። የሰፈሩ ልጆች ይሳደባሉ፣ ያ እውነት ነው፣ ዘመኑ እንደዚያ ነበር። አንዳንድ ቦታ ግን የሚናገሩት ልጆቹ ብቻ አይመስሉኝም፤ ትረካውም አብሮ ይንሸራተታል። እንደገና ሲታተም ይህን ሳያነሱ ማለፍ ልክ አይመስለኝም።

ሁለተኛ፣ መጨረሻው። (ግማሽ ላይ አቁሜ መጨረሻውን ብቻ አነበብኩ፣ ኃጢአቴን ተናዘዝኩ።) ከአራት መቶ ገጽ በላይ ሳንቲም ስንቆጥር ከርመን ማክሼን የሚባል ደህና ገንዘብ ያለው ሰው ድንገት መጥቶ ኬቲን ያገባል። ታዲያ ይሄ ምኑ ተስፋ ነው? ሎተሪ ነው እንጂ።

ቶና · ማክሰኞ ማታ 1፡25

ተመልሻለሁ።

በመጀመሪያው እስማማለሁ። በሁለተኛው ግማሽ በግማሽ። ማክሼን የመጣው ለታናሿ ለሎሪ ነው፤ አባቷ ከሞተ በኋላ ለተወለደችው። ፍራንሲና ኒሊ ይህን ራሳቸው ያወራሉ። ሎሪ እኛ ያየነውን መከራ አታይም ይላሉ። የእኛንም ጨዋታ አታገኝም ይላሉ። እኔ እዚያ ጋ ሳቅኩ፣ ከዚያ ደግሞ ሳቄ ጠፋ። ያ ሁሉ ረሃብ በልጆቹ አፍ «ጨዋታ» ሆነ። ያን ያደረገው ማነው? የገናውን ዛፍ አስታውሱ። ሻጩ እኩለ ሌሊት ላይ ያልተሸጠውን ዛፍ ሰው ላይ ይወረውራል፤ ሳይወድቅ የቆመ ይወስደዋል። ሁለቱ ሕጻናት ትልቁን ዛፍ ተደግፈው ቆሙ። ተቧጨሩ፣ ግን ቆሙ። ጆኒ ደረጃው ላይ ወርዶ እየዘፈነ አብሯቸው ዛፉን አወጣው።

ኬቲ ግን እያየቻቸው የምታስበው እንዴት አድርጌ ከዚህ አወጣቸዋለሁ እያለች ነው። እሺ፣ ተሸንፌያለሁ መሰለኝ።

የማታ ገጽ · ማክሰኞ ማታ 2፡10

አልተሸነፍክም። እኔ ነኝ ለምን እንደዚህ እንደምሟገት ያልተናገርኩት።

ሁለቱ ልጆች ስምንተኛ ክፍል ሲጨርሱ ኬቲ አንዱን ብቻ ነው ማስተማር የምትችለው። ፍራንሲ ለትምህርት የምትሞት ልጅ ናት። ኒሊ ግድ የለውም። ኬቲ ኒሊን መረጠች። ምክንያቷን ስትናገር፣ እሱ ካልገፉት ይቀራል፤ ፍራንሲ ግን ማንም ባይገፋትም መንገድ ታገኛለች። ደግሞ ወንዱን አብልጣ እንደምትወድ ለራሷ አትክድም። ደራሲዋ ይህንን ምንም ሳታለሳልስ ነው ያስቀመጠችው።

እኛ ቤት የአንድ ልጅ ክፍያ ነበር የነበረን። እናቴ ሰው ቤት ልብስ ታጥብ ነበር። በረኪናው ጣቶቿን ሰነጣጥቆት ማታ ማታ ቫዝሊን ትቀባና ፌስታል አድርጋበት ትተኛለች፤ አንሶላው እንዳይነካካ። ለወንድሜ የግል ትምህርት ቤት ተከፈለለት። እኔ እዚያው የነበርኩበት ቀረሁ። «አንቺ የትም ወድቀሽ ትነሻለሽ» አለችኝ። ምርቃት ነበር የመሰላት። እኔ እንደ እርግማን ያዝኩት፤ ሃያ ዓመት ያህል።

ያንን ቃል ደግሞ በ1943 የታተመ የሌላ አገር መጽሐፍ ውስጥ አገኘሁት። ቃል በቃል ሊባል ይችላል።

ድርቆሽ · ማክሰኞ ማታ 2፡18

እህቴ 😢 እኔ ሁለተኛ ልጅ ነኝ፤ የተከፈለልኝ እኔ ነኝ። ታላቄ ዛሬም ስለዚህ አታወራም። ነገ እደውልላታለሁ።

ጋሼ መዝገብ · ማክሰኞ ማታ 3፡00

ልጄ፣ ኬቲ ሎሪን የምትወልድበትን ምዕራፍ ደግመሽ እዪው። ምጥ ላይ ሆና የፈለገችው ኒሊን አይደለም፤ ፍራንሲን ነው። አጠገቧ አስቀምጣ የጻፍሽውን አንብቢልኝ ትላታለች። እስከ ዛሬ አንድም ጽሑፍሽን አላነበብኩም፣ ይከብደኛል ትላታለች። ይቅርታ የሚል ቃል በዚያ ቤት ውስጥ ብዙ አይሰማም። ያ ግን እሱ ነው።

ፍራንሲ የምትጽፈው ምን እንደነበርም አትርሺ። አስተማሪዋ ስለ ወፍና ስለ ዛፍ ስትጽፍ ከፍ ያለ ማርክ ትሰጣታለች። ስለ አባቷ መጠጥና ስለ ቤታቸው ስትጽፍ «ይህ አስቀያሚ ነው፣ አቃጥይው» አለቻት። ልጅቷ ቤት ሄዳ አቃጠለች። ያቃጠለችው ግን ስለ ወፍና ስለ ዛፍ የጻፈችውን ነው።

የማታ ገጽ · ሐሙስ ማታ 4፡05

ሁለት ቀን የጠፋሁት በምክንያት ነው።

ለእናቴ ማታ ማታ አንድ ገጽ እያነበብኩላት ነው። እንግሊዝኛ ስለማታውቅ በአፌ እየመለስኩ። ጆኒን አልወደደችውም። «ዘፋኝ» አለችና አለፈችው። ቡናው ሲደፋ ግን ሳቀች፤ «ደግ አደረገች» አለች።

ዛሬ በተራው ሳይሆን ዘልዬ ያንን ገጽ አነበብኩላት። ኬቲ ኒሊን የመረጠችበትን። ምስር እየለቀመች ነበር። መልቀሟን አላቆመችም። እኔ ጨርሼ ዝም አልኩ።

«ልጅቷ መጨረሻ ላይ ተማረች?» አለችኝ።

«ተማረች። ሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ልትገባ ነው።»

«ወንዱስ?»

«ፒያኖ ይጫወታል።»

አንድ ጠጠር ከምስሩ አወጣች፣ ትሪው ጠርዝ ላይ አስቀመጠችው። «የአባቱ ልጅ» አለች። ቀጥላም ቀና ሳትል፣ «አንብቢ እንጂ፣ ገጹ አላለቀም» አለችኝ።